የሰጧትን ትታ ያልሰጧትን የምትወስድ

ኡናይሲ ከዕረፍት በተመለሰች ማግስት፣ ምሳ ላይ፣ ከሴሩዋያ ሳህን ካሳቫውን አንስታ በላች። አልጠየቀችም፣ አልሳቀችም። ጣቷ ላይ የቀረውን የኮኮናት ወተት በሴሩዋያ ሽርጥ ጠረገችና፣ «እናንተ የተራራ ሰዎች! እንኳን ካሳቫ መቀቀል፣ ውኃ ማፍላትም አታውቁ» ብላ ሄደች።

ሌላ ልጅ ብታደርገው ብልግና ተብሎ ይታለፍ ነበር። ያደረገችው ግን ኡናይሲ ናት። እርሳስ ተውሳ ቀርጻ የምትመልስ፣ በር ላይ «እለፊ»፣ «አይ፣ አንቺ እለፊ» ስትል ደወል የሚያመልጣት ልጅ። ከናሉማ ደሴት በጀልባ መጥታ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከገባች ጀምሮ ከሴሩዋያ ጋር አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። ሴሩዋያ የላውቶካ ከተማ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ስትሆን፣ የአባቷን የተራራ መንደር ዋይቶንጋን ለቀብር ካልሆነ ረግጣው አታውቅም። በዚያ ሁሉ ልጃገረድ መሐል ጓደኛ ብላ የምትጠራው ኡናይሲን ብቻ ነው። እሷን ካጣች ማንም አይኖራትም።

ስለዚህ ሴሩዋያ ማልቀሱን ለሌላ ጊዜ አስተላልፋ ምክንያቱን ልትፈልግ ተነሳች። አባቷ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲቆም፣ «መጀመሪያ አትምቺው፤ የትኛው ጥርስ እንደቆመ እይ» ይላት ነበር።

የመጀመሪያው ግምቷ ቂም ነው። ሳላውቅ አስቀይሜያት ይሆናል ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ኡናይሲ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻትና ማበጠሪያዋን ይዛባት ሄደች።

ቀጥሎ በሽታ ነው አለች። ተኝታ ሳለ ግንባሯን ብትዳስሳት ቀዝቃዛ ነው። ኡናይሲ አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ «እጅሽ ፍየል ፍየል ይላል» አለቻትና ተመልሳ ተኛች።

ረሃብ ይሆን? ይኼኛው ጥሩ ሙከራ ነበር። ሴሩዋያ ከእናቷ ከተላከላት ኬክ ትልቁን ቆርሳ ሰጠቻት፤ ኡናይሲ አልነካችውም። ዘወር ስትል ግን ትንሹን፣ ለራሷ ያስቀረችውን፣ አንስታ ዋጠችው! የሰጧትን ትታለች፣ ያልሰጧትን ወስዳለች። የተራበ ሰው እንዲህ አይመርጥም።

ጥላቻ ነው እንዳትል ደግሞ አንድ ቀን ከላይኛው ክፍል የመጣች ልጅ ሴሩዋያን «ረጅም ሸንበቆ» ብትላት፣ ኡናይሲ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«ምን አልሻት አንቺ?»

«ምን አገባሽ? አንቺ ራስሽ ቀኑን ሙሉ አይደል የምትሰድቢያት?»

«እሷን መስደብ የኔ ሥራ ነው! አንቺ የራስሽን ፈልጊ!»

ሴሩዋያ ይህን ሰምታ ይበልጥ ግራ ገባት። ግራ መጋባቱም አድክሟት ነበርና፣ በሳምንቱ መጨረሻ ኡናይሲ የእሷን ንጹሕ ሽርጥ ለብሳ ጭቃ ለጭቃ ስትሮጥ ብታያት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ! ሌባ!» ብላ በልጆቹ ሁሉ ፊት ጮኸችባት። ወደ አዳሪዎቹ ሞግዚትም ሄዳ አልጋዋን ወደ ሌላው ግድግዳ አስቀየረች።

የኡናይሲ ፊት ልክ እንደተነፈሰ ኳስ ሟሸሸ። ማታውን ሽርጡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ሴሩዋያ አልጋ ላይ ተገኘ። ጠዋት በር ላይ ተገናኙ። ኡናይሲ መሬት መሬት እያየች፣ «ይቅርታ፣ እለፊ» አለቻት። ድሮ የምትላት ይህንኑ ነበር። ሴሩዋያን ግን፣ ስድቡ ቢያናድዳትም ትህትናው አስፈራት።

መፍትሔው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ሴሩዋያ ሳህን ለማጠብ ተራዋ ደርሶ ገንዳው ዘንድ ቆማለች። ኡናይሲ ጎደሬ የሚመስለውን ታሮ ልትቀበል መጣችና፣ እንዲያ እንደተኮራመተች፣ ምግብ አብሳይዋን እትዬ ማካሪታን፣ «ይኼ ታሮ ነው ወይስ የተራራችሁ ድንጋይ?» አለቻቸው። እናቷ የሚሆኑትን ሴት! ሴሩዋያ ጭልፋው ሲወርድባት ለማየት ጠበቀች። እትዬ ማካሪታ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ጥርስ ካለሽ ብዪ! እናንተ የናሉማ ሰዎች የአሸዋ ሾርባ ለምዳችሁ!»

ሴሩዋያ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ኡናይሲ ሌላ ማንንም አትሰድብም። የምትሰድበው እኔንና እትዬ ማካሪታን ነው። እኔንና እሳቸውን የሚያገናኘን ምንድን ነው? ዕድሜ አይደለም፤ መልክ አይደለም።

«እትዬ፣ አገርዎ የት ነው?»

«ዋይቶንጋ ነዋ! ያባትሽ መንደር። ምን፣ አታውቂም?»

«ኡናይሲ ለምን ትሰድበናለች?»

እትዬ ማካሪታ ጭልፋውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አባትሽ ምንም አልነገረሽም? ከናሉማ ጋር ታውቩ ነን እኮ! የጥንት አባቶቻችን የሚያመልኩት መንፈስ አንድ ነበር። ስለዚህ ያንቺ የሷ ነው፣ የሷም ያንቺ። ትወስድብሻለች፣ ትወስጂባታለሽ፤ ትተርብሻለች፣ ትተርቢያታለሽ። እዚህ ውስጥ ነውር አንድ ብቻ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«መቆጣት።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የነገሩን ውበት ማየት ይገባል። ፈቃድ የምንጠይቀው ማንን ነው? ባዕድን። «እባክህ» የምንለው በመካከላችን አጥር ስላለ ነው። ታውቩ አጥሩን ያፈርሰዋል። በዚህ ሥርዓት ካሳቫሽን ሳይጠይቅ የበላ ሰው «ቤተሰብ ነሽ» ማለቱ ነው፤ ስትሰጪው ከተቀበለ ግን እንግዳ ሆነ። ለዚህ ነው ኡናይሲ ትልቁን ኬክ ትታ ትንሹን የሰረቀችው! ሁሉም ጥርስ ከየቦታው ገጠመ። ኡናይሲ በዕረፍቱ ጓደኛዬ የዋይቶንጋ ልጅ ናት ብላ ለአያቷ ብታወራ፣ ሽማግሌው፣ «እና ዓመት ሙሉ በትህትና ስታናግሪያት ከረምሽ? አዋረድሽን!» ብለው ነበር የተነሱባት። ምስኪኗ የዓመት ውዝፍ ስድብ ነበረባት። የከተማ ልጅ ታውቩ እንደማታውቅ ግን አንዳቸውም አላሰቡም።

መረዳት ግን መጠገን አይደለም። ሴሩዋያ ያንን አንድ ነውር ሠርታለች። ይቅርታ ብትል ደግሞ አጥሩን መልሳ መትከሏ ነው። የቀራት መንገድ አንድ ነው፤ መዝረፍ። ይህች ልጅ ደግሞ በሕይወቷ ለጨዋታ ብላ ማንንም ሰድባ አታውቅም።

በማግስቱ ምሳው ዓሣ ነበር፤ ኡናይሲ ሳህን ላይ የዓሣው ራስ ደርሷል። የደሴት ሰው ዓሣ ሲበላ ይህን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ይሳሳለታል። ሴሩዋያ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች። የዓሣውን ራስ አነሳች።

«አንቺ...» አለች። «አንቺ... ወደ ጎን የምትሄጂ... ሸርጣን! ይቅርታ።»

ኡናይሲ ቀና አለች።

«ስድብ ላይ ይቅርታ አይጨመርም፣ አንቺ ደደብ!»

«እሺ። ሸርጣን!»

«ደግሞ እሱን ከየት ጀምረሽ ልትበዪው ነው? ዓሣ የምታውቁት በቆርቆሮ!»

ሴሩዋያ በእልህ ጉንጩን ነከሰች፤ እሾህ ወጋት። ኡናይሲ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጀርባዋን ትደልቃት ገባች። ማታ አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ሴሩዋያ ዛሬ ላውቶካ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትሸጣለች። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ እሷ መስኮት ይላካል፤ ሌሎቹ «ጠፋ» ብለው ሲተዉት እሷ የት እንደወረደ፣ ከማን ጎን እንደተቀመጠ ጠይቃ ጠይቃ ታገኘዋለችና። ኡናይሲ መምህርት ሆነች። በሴሩዋያ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ወንበር አሸሽታ ሰውየውን መሬት አስቀምጣዋለች። ሴሩዋያም ደሴቱ ድረስ ሄዳ በጓደኛዋ አሳማ ላይ የራሷን ስም ቀለም ቀብታ ተመልሳለች።

ባለፈው ሰሞን ግን ስልክ ተደወለ።

«ወይዘሮ ሴሩዋያ፣ በትምህርት ቤታችን የርእሰ መምህርነት ሹመቴ በዓል ላይ ቢገኙልኝ ክብር ይሰማኛል።»

ሴሩዋያ ስልኩን ዘግታ ለባሏ፣ «ኡናይሲን የሆነ ነገር ነክቷታል» አለችው።

«ተሹማ ነዋ። ሰው ሲሾም ይከበራል።»

«አንተ አታውቅም። ክብርት ብላኝ እንዳትቀር ነው የምፈራው።»

እነሆ አሁን በዓሉ ደርሶ፣ አዳራሹ በምንጣፍ ተሞልቶ፣ የበዓሉ መጠጥ ካቫው ተቀድቶ፣ ቄሱ የአዲሲቱን ርእሰ መምህርት ጨዋነት እያመሰገኑ ነው። ኡናይሲ ከፊት፣ አንገቷን አቅንታ፣ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች። በሩ ላይ እንግዶቹ ያወለቁት ጫማ ተደርድሯል፤ ከመሐሉ ማሰሪያው የሚያብረቀርቅ የኡናይሲ አዲስ ጥቁር ጫማ አለ። አንደኛው እግር ሴሩዋያ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ከቄሱ ትልቅ ሰንደል ሥር ተይዟል። ኡናይሲ ድንገት ብትዞር በግልጽ ታያታለች፤ ሴሩዋያም ይህንኑ እየተመኘች፣ ፊቷን ወደ ስብከቱ አድርጋ፣ ጫማውን በእግሯ ጣት ቀስ እያለች እየሳበች ነው።