ቤንዚን በሻይ ብርጭቆ

ማደያ ገብቼ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ፣ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ትዝ የሚሉኝ የእማዬ አራት የሻይ ብርጭቆዎች ናቸው። ሰው ቢሰማኝ አብዳለች ይለኛል፤ እኔ ግን ያ ሽታ እስከ ዛሬ ልቤን ያዘልለዋል።

አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባዬ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ ታናሽ እህቱ እትዬ ብርቄም ሱቁን አብራው ትይዝ ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ከአገር ቤት በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አምጥቷት፣ ራሱ አሳድጎ፣ ራሱ አስተምሮ ለወግ ያደረሳት እሱ ነው፤ ገና ጎረምሳ ሳለ አባት ሆነ ማለት ይቻላል።

ያን ክረምት ግቢያችን ውስጥ አንዲት ባለ ሁለት በር አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። አባዬ ከአንድ ደንበኛው በዕቃ ለውጦ ነው ያመጣት። ቱርቦ ስላላት ሜዳ ላይ ስትረገጥ እያፏጨች ትበር ነበር፣ ዳገት ስታይ ግን እንደ አሮጌ አጫሽ ትንቆራጠጥና ታስላለች። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው እኔ ውስጧ ገብቼ መሪውን ይዤ፣ በአፌ እያፏጨሁ፣ ስንትና ስንት አገር አቋርጬ እመለስ ነበር።

በዚያው ክረምት የእትዬ ብርቄ ሽማግሌዎች መጥተው ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። እሷም ገና ቀኑ ከመነገሩ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በጋሼ መኪና ነው!» ብላ አረፈችው። ችግሩ የሙሽራው ቤት ሽሮ ሜዳ መሆኑ ነበር፤ ስድስት ኪሎን አልፎ ያለው ዳገት ደግሞ የታወቀ ነው።

«ሠርገኛው ሁሉ እያየ ዳገቱ ላይ ቀጥ ብትልስ?» አለች እማዬ። «ሙሽራዋ በቬሎ መኪና ልትገፋልህ ነው?»

ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ መኪናዋ እስከ ጥምቀት ያን ዳገት ካልወጣች፣ እትዬ ብርቄ ሙሽራው በሚከራየው ነጭ መኪና ትሄዳለች። አባዬ እሺ ሲል ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ አይቻለሁ።

መስከረም ሲጠባ በሽታዋ ተገኘ። ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራቱ ኢንጀክተሮች አርጅተው ኖሯል፤ ቱርቦው አየሩን ሲያጎርፈው እነሱ የሚበቃውን ቤንዚን መስጠት አልቻሉም። አባዬ ሶማሌ ተራን አስሶ፣ ተለቅ ካለ ሞተር የወጡ፣ በደንብ የሚረጩ አራት ኢንጀክተሮች ይዞ እየሳቀ ገባ። አራቱም ግን እኩል መርጨት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ የእማዬን የእንግዳ ብርጭቆዎች በየኢንጀክተሩ አፍ ሥር ደቅኖ፣ እትዬ ብርቄን ቁልፉን እንድታዞር አዘዛት። ቤንዚኑ ጭስ መስሎ ፍጭጭ ሲል እኔ በርጩማ ላይ ወጥቼ «ሦስተኛው ጎደለ!» ብዬ ጮህኩ። ያኔ ነው እማዬ ከማጀት የወጣችው።

«በእመቤቴ! የእንግዳ ብርጭቆዬን!» አለችና ወዲያው ዞራ የከሰል ምድጃዋን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ሮጣ ስትመለስ ግን መቆጣቱን ትታ፣ እሷም ጎንበስ ብላ ልኩን ታይ ጀመር። አባዬ ያን ሰነፍ ኢንጀክተር በሌላ ለውጦ እንደገና ሲሞክር አራቱ ብርጭቆ እኩል ሞላ፣ እኛም እልል አልን።

እልልታው ቸኩሎ ነበር። ኢንጀክተሮቹ ተገጥመው ሞተሩ ሲነሳ ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች አንሶላ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ከሰል መሰለ። ቤንዚኑ በዝቶባት መኪናዋ ትታፈን ነበር። ኅዳርን ሙሉ ሰፈርተኛው ሲስቅብን ከረመ፣ እማዬም «አጠጣሃት እንጂ መች አስሮጥካት» ትለው ነበር።

መድኃኒቱ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ሳጥን ውስጥ ያለች፣ በጥርሳም ክብ ብረት የምትጠብቅ ስፕሪንግ ሆነች። እሷ ጠበቅ ስትል የሚረጨው ቤንዚን ይቀንሳል። አባዬ ከሱቅ ሲመለስ አንድ ጥርስ ያጠብቃል፣ እስከ አውቶቡስ ተራ ነድተን ጭሱን አይተን እንመለሳለን፣ በማግስቱ ሌላ ጥርስ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል፣

«ያንተዋ ገና አስኳል ናት» ትለዋለች እማዬ።

ታኅሣሥ እያለቀ ጭሱ ጠፋ። ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ እማዬን ጨምሮ አራታችንም ተጠቅጥቀን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን፤ አባዬ ረገጣት፣ እሷም ሳትስል፣ ሳትንቆራጠጥ፣ እያፏጨች ዳገቱን ጨርሳው ቁጭ አለች። እትዬ ብርቄ አባዬን ከኋላ አንገቱን አንቃ ስትስመው ከአስፋልቱ ልንወጣ ነበር። እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም!

የሠርጉ ዕለት አበባ ያዥ ስለነበርኩ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከአባዬ ጎን ተቀመጥኩ። ከኋላ እትዬ ብርቄና ያ መለሎ ሙሽራ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ተጣበቁ፣ ቬሎው በመስኮት ተረፈ፣ አጃቢው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እያስጮኸ ተከተለን። ስድስት ኪሎን እንዳለፍን ግን መኪናችን ተንቀራፈፈች። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊቀድመን ምንም አልቀረው። ሳሏ ተመልሶባት፣ ተዋርደን ልንቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ሞተሩን ባዳምጥ ግን ደህና ነው። ዝቅ ብዬ ሳይ የአባዬ እግር ቤንዚን መስጫውን ነካ አድርጎ ብቻ ተቀምጧል። ከመስከረም ጀምሮ ሊያፈጥናት የለፋው ሰው መድረስ አልፈለገም ነበር።

እትዬ ብርቄ ከእኔ በፊት ገብቷታል። ከኋላ ትከሻውን ያዘችው።

«ጋሼ፣» አለችው በቀስታ፣ «ሽሮ ሜዳ እኮ ነው የምሄደው፣ ባሕር ማዶ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ሱቁን እከፍትልሃለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። አሁን ንዳልኝማ፣ ይዩን!»

አባዬ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ፣ ማርሹን ቀነሰ፣ ረገጠ። ቱርቦው ሲያፏጭ ከወንበሬ ጋር ተጣበቅሁ፣ ሙሽራው «ኧረ ጭንቅላቴ!» አለ፣ እትዬ ብርቄ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ቪዲዮ ቀራጩን የጫነው መኪና እንኳ ከኋላችን ጠፋ።

ዛሬ መኪና ሲታመም ኮምፒውተር ተሰክቶ በሽታውን ይናገራል፣ ማንም የእንግዳ ብርጭቆ አይሰርቅም። ቀይዋ ከተሸጠች ቆይታለች፣ የእኔዋም ሳታፏጭ ነው የምትፈጥነው። እትዬ ብርቄ ከባለቤቷ ጋር አዳማ ገብታለች፤ አባዬም እግሩ ደክሞት መሪ ከለቀቀ ወዲህ አንዳንድ እሑድ እኔ እየነዳሁ እንጠይቃታለን። ስንሄድ መንገዱን ሙሉ «ጨምሪ እንጂ፣ ምን ያንቀራፍፍሻል!» እያለ ይነዘንዘኛል። ስንመለስ ግን አንድም ቀን ጨምሪ ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም አልጨምርም።