ያለጊዜው የተመሰከረለት ተረከዝ

የተረከዜ ጅማት አስራ አራት ወር ከሩጫ አስቀመጠኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። እያመመኝ ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት እሮጥ ነበር፤ ከሚኒባስ መስኮት «አይዞህ!» የሚል ሰው ከተገኘ ደግሞ ጭራሽ እፈጥን ነበር። አንድ ቀን ጅማቱ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉማ እኔን ጥሎኝ ሄደ እያልኩ እበሳጭ ነበር።

በመጨረሻ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፈቀደችልኝ፤ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንዲያ እያልኩ አምስት ዙር። «ከዚህ ካለፍክ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ከግቢ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሮጥኩ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ብቻዬን እስቅ ነበር። ከገረሴ ወረዳ መጥተው ሴቻ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ እናቴ የምላቸው ሴት፣ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

እሑድ ቸርች የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሱና «ጌታ የጎረቤቴን እግር ፈወሰ! በዓይኔ አየሁ፣ ሮጠ!» አሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከኋላ ወንበር ተነስቼ «አንድ ደቂቃ ብቻ ነው» ልል አልኩና አፈርኩ። ጭራሽ እጄን አውለበለብኩ።

ጉዱ የመጣው ሰኞ ነው። ደቂቃዬን ሮጬ መራመድ ስጀምር «ምነው፣ ተመለሰብህ እንዴ?» የማይለኝ የለም። ባለ ባጃጁም አቁሞ «ግባ፣ ላድርስህ» ይለኛል። ሐሙስ ዕለት የቸርች ሰዎች ከፊት ሲመጡ አየሁና እርምጃዬን ትቼ ሮጥኩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ። ተረከዜ ወጋኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ለሰው ዓይን ብዬ ሩጫን ለሁለተኛ ጊዜ ላጣ ነው፣ ምናልባትም ለሁልጊዜ።

ሁለት ቀን ሳርፍ ሕመሙ ለቀቀኝ። ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። «እናቴ፣ ገና አልዳንኩም። የምሮጠው አንድ ደቂቃ ነው። ምስክርነትዎን አበላሸሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ። «አጥር ይዘህ ስትራመድ አይቼህ የለ እንዴ? አንድ ደቂቃውንስ ማን ሰጠህ? እኔ ደቂቃ መቁጠር አላውቅበትም፤ ተነስተህ ራስህ ንገራቸው!»

እኔም እንደታዘዝኩት ብቻ እየሮጥኩ ቆየሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» እያልኩ። ከወር በኋላ አንድ እሑድ ተነሳሁ። «ገና እየዳንኩ ነው። መንገድ ላይ ስራመድ ካያችሁኝ አትዘኑልኝ። ትናንት ሳላቋርጥ አምስት ደቂቃ ሮጥኩ» አልኩ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አምስት ደቂቃ ብዙ ይሁን ትንሽ አላወቁም መሰለኝ። ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሳያምህ?»

«ሳያመኝ» አልኩ። እልልታውን ጎረቤቴ ጀመሩት።