ፊልም ላይ የምትዋሽ ፀሐይ

የያዙኝ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከምኖርበት ፎቅ ደረጃ ሥር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። "ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቁርስህን ተመልሰህ ትበላለህ" አለኝ አንደኛው በእንግሊዝኛ። አገር ቤት ጋዜጣ ላይ እጽፍ ነበር። ከምርጫው በኋላ ድንበር ተሻግሬ ናይሮቢ በስደተኛነት ተመዘገብኩ፤ መጻፉን ግን አልተውኩም።

ጣቢያው ስንደርስ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር፣ ስልኬን፣ የስደተኛ ወረቀቴንና የእጅ ሰዓቴን ተቀበሉኝ። ሰዓቱ አራት ከሩብ ይላል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ፖሊስ ፊት መዝገቡ ተገልጧል፤ እሱ ግን እስክሪብቶውን አላነሳም።

"አትጽፈኝም?"

"ግባ" አለኝ።

ክፍሉ በቁመቱ ስድስት እርምጃ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ጣሪያው ሥር፣ አንድ ብረት የተጋደመበት ጠባብ መስኮት አለ። ኖራ የተቀባው ግድግዳ ከወገብ በታች በሰው ጀርባ ጠቁሯል። ማዕዘኑ ላይ ባልዲ። ኮታቸውን አጥፈው የተቀመጡበት ሰው ቀና ሲሉ አወቅኳቸው። እኛ ጸሐፊዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰበው እሳቸው ቤት ነበር። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሠላሳ ዓመት ፊልም ያጫወቱ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው በራቸውን መክፈታቸው ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎንም?"

"ካንተ ትንሽ ቀደም ብለው። መዝገብ ላይ ጻፉህ?"

"አልጻፉኝም።"

"እኔንም አልጻፉኝም። ያልተጻፈ ሰው እዚህ አልገባም ማለት ነው። ነገ ሞያሌ ድንበር ላይ ቢጥሉን የት ደረሱ ብሎ ማን ይጠይቃል?"

ሕጉ የተያዘ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይል ነበር። የእኛ ሃያ አራት ሰዓት ግን አልጀመረም።

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገባችና ትይዩ ግድግዳው ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ብርሃን ጣለች። የብረቱ ጥላ መሃሏን ይከፍላታል። ኮሪደሩ ላይ የአንዱ ፖሊስ ራዲዮ የአንድ ሰዓት ዜና ሲጀምር ጋሼ ከኮታቸው ላይ አንድ የብረት ቁልፍ በጠሱና ጥላው ያረፈበትን ቦታ ፋቁት። በሁለት ሰዓቱ ዜና ሌላ መስመር አሰመሩ። ከዚያ ብርሃኑ ወደ ሲሚንቶው ወረደ፤ እያንበረከከ አስከተላቸው።

"የፀሐይ ሰዓት ነው" አሉኝ። "ፊልም ላይ አይተህ ታውቃለህ? ክብ ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ ብረት የቆመበት?"

"አይቼ ይሆናል። ልብ ብዬ አላውቅም።"

"አንተ አንዴ አይተህ ትወጣለህ። እኔ አንዱን ፊልም መቶ ጊዜ አያለሁ። አንድ የፍቅር ፊልም ነበር፤ ልጅቷ አትክልቱ ቦታ ከፀሐይ ሰዓቱ አጠገብ ትጠብቀዋለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ይመሻል፣ ጥላው ንቅንቅ የለም። ፀሐይዋ መብራት ናት፤ መብራት ያዡ ምሳውን በልቶ እዚያው ቦታው ተመልሶ ነዋ!" ሳቁ። "ሌላ ደግሞ ነበር፣ በረሃ ለበረሃ ወርቅ ፍለጋ። ጥላው እንደ እንሽላሊት ይሮጣል። ፀሐይ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። አንድ ብቻ ነበር ልክ የሆነ፤ እስረኛው ግቢ ውስጥ እንጨት ተክሎ ቁጭ ይላል። ጥላው ቀስ እያለ ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ ተመልካቹ ያፏጭብኝ ነበር፣ ረዘመ ብሎ።"

የአራት ሰዓቱን መስመር አስምረው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ማታቱ የሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ረዳት ተገፍቶ ገባ። ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተጣልቶ ነው።

"ሳአ ንጋፒ?" አለ ወዲያው፤ ስንት ሰዓት ነው ማለቱ ነው።

"ሳአ ኔ" አሉት ጋሼ ወለሉን እያዩ። አራት። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ልጁ ይህን ሲሰማ እስሩን ረስቶ ተደሰተ። እሱን ግን ፖሊሶቹ ስሙን ሁለቴ ጠይቀው መዝግበውት ነበር፤ ራሱ ነገረን።

ረቡዕ ራዲዮ ያለው ፖሊስ አልመጣም። መስመሮቹ ግን ነበሩ። ረዳቱን ሊለቁት የጠሩት ጥላው ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ነው። ጋሼ እጁን ይዘው ኪሊማኒ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ምልክት ነገሩት። "ሁለት ሰው፣ ከሰኞ ጀምሮ በል።" ልጁ ደግሞ ደጋግሞ አለው።

ሐሙስ የጣቢያው አለቃ የተተየበ ወረቀት ይዞ መጣ። ዛሬ ጠዋት ያለ ወረቀት ሲዘዋወሩ ተያዙ ይላል።

"ፈርሙ፤ ነገ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ካልፈረማችሁ ሞያሌ።"

አልዋሽም፣ እጄ እስክሪብቶውን ፈልጎ ነበር። ጋሼ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ፤ በቀሩት ቁልፎች ቆለፉት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡና መለሱለት።

"ይህ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው። እኔ የመጣሁት ሰኞ ነው።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ?"

"እኔም ሰኞ።"

ያን ቀን ምግብ አልመጣልንም። ምሳም ራትም።

ዓርብ ጠዋት ግን ጠበቃ መጣ። ረዳቱ መልእክቱን አድርሶ ኖሯል። በእሱ ግፊት በዚያው ዕለት ፍርድ ቤት ስንቀርብ ፖሊስ ሐሙስ ነው የያዝናቸው አለ። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። ጋሼ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

"ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አንድ የማታቱ ረዳት እኛ ክፍል ገብቷል። ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል። እሱ ተጽፏል። መዝገቡ ይታይልኝ።"

"የእጅ ሰዓት ነበራችሁ?"

"አልነበረንም። በፀሐይ ነው የለካነው።"

ዳኛዋ መዝገቡን አስመጥተው ገለጡት። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ፤ ገጹን ሲያዞሩ እንደገና ቆመ። "ሐሙስ የገቡ ሰዎች" አሉ ወደ ፖሊሱ ቀና ብለው፣ "ማክሰኞ ማን እንደገባ በየት በኩል አዩ?" ከሰዓት በኋላ ተለቀቅን።

እኔ ሳምንት ሙሉ መተኛት ነበር ያማረኝ። ሰኞ ጋሼ በሬን አንኳኩ።

"ተነሥ፣ ጣቢያ እንሂድ።"

"ምን ልናደርግ?"

"እንዲጽፉን ነዋ።"

ሁለት ጊዜ አባረሩን። በሦስተኛው ያ የጠረጴዛው ፖሊስ ሰልችቶት ይሁን አፍሮ እንጃ፣ የዚያን ሰኞ ገጽ አወጣና ኅዳጉ ላይ ሁለት ስም ከነሰዓቱ ጻፈ። መዝገቡን አዙሮ አሳየን። የእኔን ስም አሳስቶታል። ልተወው ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ፤ እስኪያስተካክለው ቆመን ጠበቅን።

እሳቸው እዚሁ ናይሮቢ አርፈዋል። መዝገቡን አይጥ በልቶት ይሆናል። እኔ ግን አሁንም የትም ቢሮ ስሜ ሲጻፍ ጎንበስ ብዬ ፊደሎቹን አያለሁ። ከተሳሳተ ይስተካከል እላለሁ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ ያጉረመርማሉ። እቆማለሁ።