ጃንጥላና የተቀባ ሰማይ

ሎክ መይፋን በማካው የታወቀች ሙሽራ መሪ ናት። በሠርጉ ጠዋት ወደ ሙሽራዋ ቤት ትገባለች፤ ሻይ ለየትኛው ዘመድ አስቀድሞ እንደሚቀርብ ትናገራለች፤ ሙሽራዋን ይዛ ስትወጣ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ ከሰማይ ትከልላታለች፤ በመንገዱም ሁሉ መልካም ቃል ከአፏ አይጠፋም። ሥራው የሚመራበት ሥርዓት አጭር ነው። ከሰማይ በታች ጃንጥላው ይዘረጋል፣ ከጣሪያ በታች ይታጠፋል። ያልተከለለች ሙሽራ ከላይ ለሚመጣ ክፉ ነገር ትጋለጣለች፤ ቤት ውስጥ የተዘረጋ ጃንጥላ ደግሞ ማደሪያ ያጡ ሙታንን ይጠራል። ሰው ከገዛ ቤቱ እየወጣ በሚያገባበት ዘመን ይህን ለመለየት የተቸገረ አልነበረም፤ ድንበሩ ደጃፉ ነበር።

ኋላ ግን ኮታይ በተባለው የማካው ሰፈር ትልልቆቹ የቁማር ሆቴሎች ተሠሩ። ከእነርሱ አንዱ የፓሪሱን የብረት ማማ አሳጥሮ በደጁ ያቆመ፣ ውስጡንም የፈረንሳይ ከተማ ያስመሰለ ነው። እኛ «ማማው» እንለዋለን። ሙሽሮች ወደዱት። ላይ ፎቅ ክፍል ይዘው ይለብሳሉ፣ ታች ባለው አዳራሽ ይዳራሉ። በክፍሉና በአዳራሹ መካከል ግን ረጅም የሱቆች ጎዳና አለ፤ ወለሉ ጥርብ ድንጋይ፣ ዳርና ዳሩ የመብራት ምሰሶ፣ ጣሪያው ደመና የተሣለበት ሰማይ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሊመሽ ሲል ይመስላል።

በዚያ ሰማይ ሥር መይፋን ባለፈው ዓመት በአንዲት ሙሽራ ላይ ጃንጥላዋን ዘረጋች። ለዓይን ሰማይ ከሆነ ሰማይ ነው ብላ ፈረደች። የዚያች ሙሽራ ትዳር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ እናቲቱም በገበያ፣ በዓሣ ሻጮች መካከል ቆማ፣ «ጣሪያ ሥር ጃንጥላ ዘርግታ የልጄን ቤት ያፈረሰች» ስትል ስሟን ጠራች። ከዚያ ወዲያ መይፋንን የሚጠራ ቤተሰብ ጠፋ።

ስለዚህ ላይሃ የተባለች የቀድሞ ጎረቤቷ ለወንድ ልጇ ሠርግ ስትጠራት ደስ አላት፤ ደስታው ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው የሽሪምፑ ጥቅል ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሠርጉ በማማው ነበር።

«የገበያውን ወሬ ሰምቻለሁ፣ እትዬ መይፋን» አለች ላይሃ። «የጠራሁሽ የእኔን ሠርግ ስለመራሽ ነው። የልጄን ካበላሸሽብኝ ግን እኔም ገበያ እወጣለሁ፤ አፍም አልተነፈግሁ።»

«አፍሽንማ አውቀዋለሁ። በሠርግሽ ቀን እንኳ መቼ አረፈ?»

«እሱን ተይው። ትዘረጊዋለሽ ወይስ ታጥፊዋለሽ?»

«ሄጄ ልየው» አለች መይፋን።

ሄዳ አየችው፤ በማግስቱም ተመልሳ አየችው። ጎዳናውን ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ትቀመጣለች፣ መቀመጫው ሳይሞቅ ትነሣለች። የተሣለው ደመና አልተንቀሳቀሰም፤ እርስዋ ግን አላረፈችም። በመጨረሻ አንዱን የጥበቃ ሠራተኛ ያዘችው።

«ልጄ፣ ይሄ ቦታ ውጭ ነው ውስጥ?»

«ሲጋራ ለማጨስ ከሆነ ውስጥ ነው፣ እናቴ። ፎቶ ለመነሣት ከሆነ ውጭ ነው» አላት።

ጣሪያው የማያጠራጥር ሌላ መንገድ ነበር፤ እርሱም በቁማሩ አዳራሽ በኩል ነው። ነገር ግን ሙሽራዋ ዩትዋ በዚያው አዳራሽ ካርታ የምታድል ሠራተኛ ናት፤ የቁማር ቤት ሠራተኛ ከሥራው ሰዓት ውጭ ወደ ጨዋታው ወለል እንዳይገባ ሕግ ይከለክለዋል።

«እዚያ በሥራ ልብስ ካልሆነ አልገባም፣ አክስቴ» አለች ዩትዋ። «በሠርጌ ቀን ካርታ እያደልኩ ልለፍ?»

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መይፋን ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ የብረት በር አገኘች። በሩ ወደ ጓሮ ያወጣል፤ ጓሮው ንጹሕ፣ ባዶና የተጠረገ ነበር፤ ከበላዩም እውነተኛው ሰማይ አለ። ግድግዳውን ተከትለው ጥቂት ከሄዱ የሠርጉ አዳራሽ የኋላ በር ይገኛል። በዕቃ ማንሻው አሳንሰር ከወረዱ፣ ከክፍሉ እስከ ብረቱ በር ጣሪያ፣ ከዚያ ሰማይ፣ ከዚያ ጣሪያ። ሁሉም በየቦታው ሆነ።

«ምራቴን በኋላ በር?» አለች ላይሃ።

«የኋላ በር የሚለው ሆቴሉ ነው። ለእኛ በር ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ከቀረበ በኋላ ሙሽራዋ በወርቅ የተጠለፈ ቀይ ልብሷን ለብሳ ወረደች፤ ሙሽራው ከፊት፣ ሚዜዎቹና ላይሃ ከኋላ ሆኑ። መይፋን የብረቱን በር ገፋ አድርጋ ከፈተችና ደርቃ ቀረች። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር በጋሪ ተሞልቷል፤ ጋሪዎቹ ላይ ነጭ አንሶላ ተቆልሏል። የእጥበት ቤቱ መኪና የሚመጣው ጠዋት መሆኑን አልጠየቀችም ነበር። ነጭ በእኛ ዘንድ ለሙታን የሚለበስ ነው።

«ያመጣሽብኝን አየሽ?» አለች ላይሃ ከኋላ። «ልጄን ለቀብር ነው ያወጣሽው?»

መመለስ አይቻልም፤ ሙሽራ ከወጣች የኋሊት አትራመድም። መይፋን ቀዩን ጃንጥላ ዘረጋች፤ ሙሽራዋ ከገዛ ጫማዋ በቀር ምንም እንዳታይ እስከ ግንባሯ ዝቅ አደረገችው።

«ምንድነው፣ አክስቴ?» አለች ዩትዋ።

«እግርሽን ብቻ እዪ፣ የኔ ልጅ።»

አሁን መልካም ቃል የመጥራት ተራዋ ነበር። ከገበያው ወሬ ወዲህ ያስጨነቃት ነገር ሁሉ ግን በነጭ ጨርቅ ተቆልሎ ፊቷ ቆመ። ጋሪ የሚገፋ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ያያቸው ነበርና ወደ እርሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድነው?»

«አንሶላ ነዋ፣ እናቴ።»

«የስንት አልጋ?»

«የፎቁ ሁሉ ነዋ። ማን ይቆጥረዋል?»

ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሰማችሁ? የፎቁ ሁሉ አልጋ ነው! ከዚህች ሙሽራ የሚወለደው ልጅና የልጅ ልጅ የሚተኛበት እንዳያጣ ከወዲሁ ተሰናድቶ ጠበቃት!»

ሚዜዎቹ ሳቁ። ጎልማሳውም ጋሪውን ወደ ጎን ገፍቶ መንገድ እየሰጠ፣ «እንደዚያ ከሆነ አጣቢ ይጨመርልኝ» አለ። መይፋን ክፉን ለማራቅ የያዘችውን ሩዝ ከጃንጥላው በላይ በተነች፤ ከፊሉ ድንጋዩ ላይ፣ ከፊሉ አንሶላው ላይ ወደቀ። ላይሃ አልሳቀችም፤ ግን ተከተለች። በአዳራሹ ደጃፍ ጃንጥላው ታጠፈ።

በግብዣው ላይ መይፋን መቀመጥ አቃታት። ብርጭቆ በተንኳኳ ቁጥር ዘወር ትላለች፣ ከማን እጅ ምን እንደወደቀ ታያለች። በመጨረሻ ላይሃ የተጠበሰ የአሳማ ግልገል የያዘ ሳህን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለተኛው ልጄ በስምንተኛው ወር ያገባል» አለች።

«የት?»

«የት ይሆናል? እዚሁ ነዋ። ታናሹ ከታላቁ ያንሳል ወይ ብሎኛል። አንቺ ነሽ የምትመሪው።» ሳህኑን ገፋ አደረገችላት። «ብዪ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።»

መይፋን አንድ ቁራጭ አነሣች፤ ወደ አፏ ግን አላደረሰችውም። የመብያ እንጨቶቹን ሳህኑ ላይ አጋድማ ተነሣች።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ያ ባለጋሪ ሰውዬ ሳይሄድ» አለች መይፋን፣ «መኪናው በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ ልጠይቀው።»