ውሃ ያመጣው ለቅሶ

የአክስቴ ባል የሞቱት እንግዶቹ በሚመጡበት ሳምንት ነው። አለቃዬ እስከ ዛሬ ድረስ "ምነው ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ" ይላል፤ ሰውየው ከመሥሪያ ቤታችን ቀጠሮ ይዘው መሞት የነበረባቸው ይመስል።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲመጣ የሩቅ አገር መንግሥታት የሚልኳቸውን እንግዶች ይዤ ገጠር እወርዳለሁ። ገበሬው የሚለውን ለእነሱ፣ እነሱ የሚሉትን ለገበሬው እነግራለሁ። በዚያ ሳምንት የሚሄዱት ከሐረር ወጣ ብላ ወዳለችው ድሬ ጠያራ፣ ኩሬዋ ወደ ደረቀባት አንዲት መንደር ነበር። የመንደሯ ሴቶች ግማሽ ቀን ተጉዘው፣ ከከብት ጋር እየተጋፉ ነው ውሃ የሚቀዱት። እንግዶቹ አይተው ካመኑበት ትልቅ የውሃ ታንከርና እሱን የሚሞላ ቦቴ ይሰጣሉ። ካላዩ አይሰጡም። መንገድ እንዲመራቸው ከመንደሩ አንድ ገበሬ ተልኮ ነበር፤ የአክስቴ እኩያ የሚሆን፣ ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ የታጠቀ ረጅም ሰው።

እኔ የሐዘን ፈቃድ ወስጄ ቀርቻለሁ። ከቀብር ስንመለስ ፈላና በር በሚባለው የሐረር ሰፈራችን፣ አክስቴ ደጅ ላይ የእድራችን ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። ስለ ድንኳኑ ትንሽ ልናገር። የድሮው አርጅቶ ሲቀደድ የእድሩ ዳኛ ገበያ ወርደው የገዙት ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጎኑ ላይ የአንድ ሩቅ አገር ባንዲራ የታተመበት የእርዳታ ድንኳን። ከባንዲራው ሥር "አይሸጥም" ተብሎ ተጽፎበታል። ነጋዴው በዚህች ጽሑፍ የተነሳ ዋጋ ጨመረባቸው አሉ፤ ኦሪጅናል መሆኑ የሚታወቀው በእሷ ነዋ! ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው አልቅሰንበታል፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ አሳልፎ አያውቅም። ለሰጪው መንግሥት ይህን ምስክርነት የሚጽፍለት ሰው ግን አልተገኘም።

ንፍሮው እየዞረ ሳለ አለቃዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ወዲያው "ለሁለት ሰዓት ብቻ" ብሎ ሹክ አለኝ። ሌላ አስተርጓሚ አላገኘም። ዋናው መንገድ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ ስለነበር መኪኖቹ በእኛ ሰፈር ዞረው ደጅ ቆመዋል። እንግዶቹን የሚወስደው አውሮፕላን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ ይነሳል። ልቆጣ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

"ሂጂ ልጄ፣ ውሃ የጠማው ሰው ይጠብቅሻል" አለችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ።

ግን የትም አልሄድንም። የእንግዶቹ መሪ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ሴት ናቸው። ድንኳኑ ላይ የአገራቸውን ባንዲራ አይተው ኖሮ ከመኪና ወርደው በሩ ላይ ቆመዋል። ውስጡ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል፤ አንዷ ደረቷን ትመታለች። ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው በሰፌድ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ይዞ ለእያንዳንዱ በእፍኝ በእፍኝ ያድላል። ካሜራ የያዘው ባልደረባቸው ሥራውን ጀመረ።

"እነዚህ ሰዎች ምን ደረሰባቸው?" ሲሉ ሴትየዋ ጠየቁኝ።

"ሐዘን ላይ ናቸው" አልኩ። እውነቴን ነው።

"ይታየኛል" አሉና እጄን ያዙኝ። "ስንት ሰው ሞተ?"

"አንድ። የአክስቴ ባል ናቸው። ስኳር ነበረባቸው።"

ስኳሩን ሰሙት አልሰሙት እግዜር ይወቀው። "ያንቺም ቤተሰብ!" ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይህ የለቅሶ ድንኳን ነው፣ ድርቁ ያለው ወዲያ ነው፣ ገና አልደረስንም እያልኩ ደጋግሜ አስረዳሁ። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ያጽናኑኛል። ድንኳኑ የአገራቸው፣ ለቅሶው የዓይናቸው ምስክር፤ የእኔን እንግሊዝኛ ምን ሊያደርጉበት? አክስቴ ፊት ተንበረከኩና ከንፍሮው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

"የምትበሉት ይህን ብቻ ነው?"

"ዛሬ ሌላ አይበላም፣ ወጉ ነው" አለች አክስቴ። እንዳለችው ተረጎምኩ።

"ውሃስ?"

አክስቴ ለጊዜው ሐዘኗን ረሳችው። "ውሃ? የቱ ውሃ? ቧንቧው ሲያስል ነው የምንሰማው! ባሌን እንኳ ያጠብነው በተገዛ ውሃ ነው!"

ድንኳኑ በሙሉ "እውነት ነው" ሲል አጉረመረመ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ሐረር ውስጥ ኖሬ ውሃ አለ ልል አልችልም።

አለቃዬ ሰዓቱን እያየ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገኝ። "በቃ፣ ልባቸው ተነክቷል። ከዚህ የበለጠ ምን እናሳያቸዋለን?"

"ድሬ ጠያራስ?"

"አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ተቀመጪ" አለኝ። ፈቃዴን ያከበረልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዳዋ አክስቴን አቅፈው ሲያለቅሱ ቆዩና መኪኖቹ ወደ ድሬዳዋ ዞሩ። አክስቴ ዛሬም ከመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ከልባቸው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው ትላለች። በዚህ አልከራከራትም።

አቧራው ሲረግብ ገበሬውን መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት። ከፊተኛው መኪና አውርደውት ሄደዋል።

"ሄዱ?" አለኝ።

"ሄዱ።"

"ወላሂ፣ እኛ እኮ ፍየል አርደናል። ሴቶቹ ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ናቸው።"

መኪኖቹ የሄዱበትን አቅጣጫ እያየሁ ተራገምኩ። እሱ ግን ጫማውን አውልቆ ድንኳኑ ውስጥ ገባና አክስቴን "አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ፣ እቴ" አላት። የተሰጠውን ንፍሮ ተቀብሎ፣ ለወጉ ያህል ተቀምጦ፣ ወደ መንደሩ በእግሩ ሄደ።

ታንከሩ መጣ። ጥቁር፣ ግዙፍ፣ ባንዲራ የተለጠፈበት ነው። አክስቴ ደጅ በሲሚንቶ መደብ ላይ ተተከለ፤ ቦቴውም በየሳምንቱ እየመጣ ይሞላው ጀመር። ሰፈርተኛው "በቁማቸው ያላመጡልንን ውሃ ሞተው አመጡልን" እያለ ለአክስቴ ባል ነፍስ ምሕረት ይለምናል። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ሞገትኩት። እርዳታው የተፈቀደው ለተጎበኘው ሥፍራ ነው፣ ተሳስተን ነው ብንል ጭራሽ ይነጥቁናል፣ ድሬ ጠያራ በሚቀጥለው ዙር ይታያል አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ! የእድሩን ዳኛ ታንከሩን ነቅለን ለድሬ ጠያራዎች እንውሰድላቸው ብላቸው ደነገጡ። "ልጄ፣ የእርዳታ ንብረት ያለቦታው ከተገኘ ሌባ ያሰኛል" አሉኝ፤ ይህን ሲሉ የተቀመጡት የታጠፈው ድንኳን ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ገበሬው ባዶ ጄሪካን የጫነች አህያውን እየነዳ መጣና የውሃው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመ። አክስቴ አወቀችው። ሰልፈኛውን ገለል አድርጋ አስቀደመችው። ጄሪካኑ እስኪሞላ ስለ መንደሩ ጠየቀችው።

"ቢሻን የለም፣ ውሃ የለም" አለ በሁለቱም ቋንቋ። "ፍየሎቹ አለቁ። አሁን ልጆቹን ተቅማጥ ይዟቸዋል።" ከዚያ ታንከሩ አጠገብ ወደ ቆሙት የእድሩ ዳኛ ዞረ። "አቦ ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ እንግዶቹን ያስቆመ ድንኳን ይከራያል?"

ዳኛው የደንብ ሰው ናቸው። "ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው" አሉት።

ሰውየው አልተቆጣም። እንደ ማንኛውም መስፈርት አዳምጦ ጥቂት አሰበ።

"አንድ ሰው ይበቃል?" አለ። "የወንድሜ ልጅ አለች። ስወጣ ዓይኗን አልገለጠችም።"

አክስቴ የአህያዋን ገመድ ከእጁ ቀምታ ጮኸችበት። "ልጅቷን ጥለህ ድንኳን ትጠይቃለህ? ባጃጅ ጥሩ!" እኔና እሱ ባጃጅ ይዘን በረርን። ልጅቷን ታቅፌ ወደ ሐኪም ቤት ስንመለስ ክንዴ ላይ አለፈች። ክብደት አልነበራትም።

በማግስቱ እድሩ ድንኳኑን ድሬ ጠያራ ወስዶ ተከለ። ዳኛው ኪራይ አልጠየቁም፤ ካስማውንም በገዛ እጃቸው መቱት። ገበሬው ዞሮ ዞሮ አየውና እንደገና አስነቀለው፤ ባንዲራው ወደ መንገዱ እንዲታይ ፈልጎ ነው። አዙረን ተከልንለት። ለቅሶው እስኪያልቅ በዚያ መንገድ አንድም መኪና አላለፈም።