ከአማርኛው ጎን የእናቴ ቃል

ጋምቤላ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። አኝዋክ ነኝ፤ አማርኛን የለመድኩት ገበያና ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ስለ አንድ ቃል ስንከራከር፣ ከደጋ የመጣ ባልደረባዬ "ተይው፤ ቋንቋው ለእናንተ እንግዳ ነው" አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። ያቃጠለኝም ማዘኑ ነው። በዚያው ሳምንት፣ ከሥሩ እማረዋለሁ ብዬ ግዕዝና ቅኔ ወደሚያስተምሩ መሪጌታ ሄድኩ።

የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዲያቆን ነው፣ ሲያየኝ "የኔታ፣ እሷ እኮ ጴንጤ ናት" አላቸው።

"የመጣችው ግስ ልትማር ነው። ቁርባን ጠየቀችኝ?" አሉና ቦታ እንዲለቅልኝ በእጃቸው አመለከቱት።

የእኔ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ ጠሩኝ። "እህታችን፣ ምእመኑ ግራ ገብቶታል፤ ብትተዪው" አሉ። እሑድ ከእነሱ ጋር፣ ማክሰኞ ከሰዓት ግን ማንጎው ሥር እንደምሆን ነገርኳቸው። ከመዘምራን አወጡኝ። በቀጣዩ እሑድ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዘመርኩ፤ መድረክ ላይ ካሉት ይልቅ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።

የኔታ ከጎጃም ይዘውት የመጡ የብራና ሰዋስው አላቸው። ስንት ዘመን እንደሆነው እሳቸውም አያውቁም። የእኛ አገር ወበቅ ቅጠሉን ስለሚያጣምመው በጨርቅ ጠቅልለው ጣውላ ይጭኑበታል። አንድ ማክሰኞ ገለጡልኝ። ግዕዙ ይቀድማል፣ "ብሂል" ይከተላል፣ ከዚያ አማርኛው ይመጣል። ሖረ ብሂል ሄደ። ሰትየ ብሂል ጠጣ።

"የኔታ፣ አማርኛው እዚህ ምን ይሠራል?"

"ለተማሪው ነዋ። ግዕዙን በአፉ ቋንቋ እንዲይዘው።"

"የእኔ አፍ አኝዋክኛ ነው።"

ዲያቆኑ ሳቀ። የኔታ አልሳቁም። "ብራናው ላይ እንዳትጽፊ ብቻ" አሉኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ሖረ፣ ሄደ ብዬ ከጎኑ እናቴ የምትለውን ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ግስ ያለ እናቴ ቃል አላለፈኝም። ቶሎ የያዝኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ይዤ ቀረብኩ። "ቤቱ መትቷል፤ ልኩ ጎድሏል" ብለው መለሱልኝ። ሌላ አመጣሁ፤ ምስጢር የለውም አሉ።

"ሌላ ሴት ብትሆን ይሄኔ ትታዋለች" አለ ዲያቆኑ።

"እንግዲያው ሌላ ሴት ፈልግ" አልኩት።

ቀጥሎ ያመጣሁት ስለ ባሮ ነበር፤ ከደጋ ወርዶ ቆላ ሲገባ አገርህ የት ነው ብሎ የጠየቀው የለም የሚል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና "ይበል" አሉ። ቅኔ ሲሰምር ጉባኤው ሁሉ እንዲህ ማለት ወግ ነው፤ ዲያቆኑም በከንፈሩ አለ።

"አልሰማሁህም" አልኩት።

"ይበል" አለ፣ አሁን በደንብ።

የኔታ መቋሚያቸውን አንስተው "ለማክሰኞ ባለ ሦስት ቤት አምጪ" አሉኝ።