ለምሳ የመጡት እንግዶች

ዛሬ ሄሊኮፕተር በላያችን ሲያልፍ ሆዴ ባባ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጥ ጠንቶባት፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ከስማዳ ቆላ ወደ ወገዳ ጤና ጣቢያ ስንወጣ፣ አፋፉ ላይ ካለው ሎጅ አጠገብ ሄሊኮፕተር አረፈ። አቧራውና የነዳጁ ሽታ አፈነን። አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ሮጠ።

«ጌቶቼ፣ ስለ ማርያም፣ ሚስቴን አድርሱልኝ!»

አስጎብኚው መሬት መሬት እያየ፣ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉን፤ እንግዶቹ ለምሳ የተከራዩት ነው፤ ሌላ ሰው አይጭንም» አለው።

አባቴ ተመልሶ ቃሬዛውን አነሳና፣ «ለካ ሰማዩም ባለቤት አለው» አለ። እኔ እግዜርን ማለቱ መስሎኝ ተጽናናሁ።

እናቴ ወገዳ ሳንደርስ ሞተች።

አሁን እዚያው ወገዳ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የአባቴ ንግግር ከገባኝ ቆይቷል። እሱ ግን ገበሬ ሆኖ እንኳ፣ ዝናብ ሲጠበቅ ቀና ብሎ ሰማይ አያይም።